«ለከርሞ እናየዋለን» የተባለ የትምህርት ዕቅድ

ጥያቄ፦ «ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ እዚህ እነዋሪ 5ኛ ክፍል ይማራል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው መግል እያወጣ ያስቸግረዋል፤ የቀኙ ከግራው ይሻላል። በመስከረም ትምህርት ቤቱ የግል የትምህርት ዕቅድ አውጥቶለት ነበር፤ ፊት ወንበር እንዲቀመጥና በሳምንት ሁለት ቀን ከልዩ ፍላጎት መምህርቷ ጋር ለብቻው እንዲያነብ ነበር የተባለው። በኅዳር ጆሮው እንደገና ይፈስስ ጀመር፤ በታኅሣሥ መምህርቷ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ በግማሽ ዓመቱ ካርድ ደግሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወደቀ። ዕቅዱ እንዲስተካከልለት ርዕሰ መምህሩን ብጠይቃቸው «በመስከረም ጸድቆ ለወረዳ ሪፖርት ተደርጓል፤ ለከርሞ እናየዋለን» አሉኝ። ስም ጠሪው መምህር ደግሞ «ልጁ አያዳምጥም እንጂ ይሰማል» ይላሉ። አሜሪካ ያለችው እኅቴ የእሷም ልጅ እንዲህ ያለ ዕቅድ ስላለው «በሠላሳ ቀን ውስጥ የመሰብሰብ ግዴታ አለባቸው፤ አስገድጃቸው» ትለኛለች፤ የመስሚያ መሣሪያም ልላክ ብላለች። እኔ ግን ብከራከር ልጄን እንዳይጠምዱብኝ እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?» እናት፣ ከእነዋሪ

መልስ፦ ውድ እናት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ዋናውን ልመልስልዎ። አዎን፣ የልጅዎ ዕቅድ በዓመቱ አጋማሽ ሊሻሻል ይችላል፤ በእርስዎ ልጅ ሁኔታ ደግሞ መሻሻል ይገባዋል። የግል የትምህርት ዕቅድ የሚጻፈው አንድ ልጅ በዚያን ጊዜ ያለበት ሁኔታ ታይቶ ነው። እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ ዕቅዱ ከወጣ በኋላ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል፤ የልጁ መስማት ቀንሷል፣ ድጋፉን የሚሰጡት መምህርትም የሉም። ስለዚህ ዛሬ በፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት በሳምንት ሁለት ቀን ይሰጣል የሚለው እርዳታ ከታኅሣሥ ወዲህ አልተሰጠም ማለት ነው። ለወረዳው ሪፖርት መደረጉም ማሻሻያውን አያግደውም፤ የተሻሻለው ዕቅድ በሚቀጥለው ሪፖርት ሊካተት ይችላል፤ አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ግን ያለፈበትን የሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ትምህርት በከርሞው መስከረም መልሶ አያገኘውም።

እኅትዎ የሚነግሩዎት ነገር መሠረት አለው፤ ነገር ግን የዚያ አገር ሕግ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥቂቱ ተዛብቶ ደርሶዎታል። በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ዕቅድ በሕግ ግዴታ የሆነው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው አንድ ልጅ ልዩ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ከተረጋገጠበት ዕለት አንሥቶ የመጀመሪያው ዕቅድ ስብሰባ እስኪደረግ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይገመገማል፤ በመካከሉም ወላጅ ማሻሻያ መጠየቅ ይችላል፤ እንዲያውም በ2004 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሕጉ ማሻሻያ ወላጅና ትምህርት ቤት ከተስማሙ ያለ ስብሰባ በጽሑፍ ብቻ ዕቅዱን እንዲለውጡ ፈቅዷል። ይህን የምነግርዎ ርዕሰ መምህሩ ፊት እንዲጠቅሱት አይደለም፤ የባዕድ አገር ሕግ መጥቀስ ሰውን ከማስቆጣት በቀር የሚፈይደው የለም። ዓመታዊው ግምገማ ከዚያ ማነስ የሌለበት ልክ እንደሆነና በዓመቱ መካከል ማሻሻያ መጠየቅ ሥርዓቱ በተጀመረበት አገር እንኳ የተለመደ እንደሆነ እርስዎ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

በእኛ አገር የሚቆሙበት መሬት አለዎት። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 እያንዳንዱ ተማሪ በሚያስፈልገው ልክ ማመቻቸትና የተናጠል ድጋፍ እንዲደረግለት ያዛል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፤ አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። የትምህርት ሚኒስቴር የአካቶ ትምህርት (ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ከሌሎች ጋር አብሮ የማስተማር) ስትራቴጂም የዚሁ መንገድ ተከታይ ነው። ይሁን እንጂ አንቀጽ ቆጥሮ መሟገት የመጨረሻው እርምጃ ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ብዙ የሚሠራ ነገር አለ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም «አያዳምጥም እንጂ ይሰማል» የሚለው የስም ጠሪው ቃል ነው። መምህሩ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያዩት ነገር ግን ሌላ ትርጉም አለው። መግል የሚያወጣ ጆሮ መስማቱ እንደ ሰሞኑ ይለዋወጣል፤ ሲደርቅ ይሻላል፣ ሲፈስስ ይደፈናል። ስለዚህ ልጁ ሰኞ የጠየቁትን ሁሉ መልሶ ሐሙስ ግራ ሊገባው ይችላል፤ መምህሩም «ሰኞ የሰማ ልጅ ዛሬ እንዴት አልሰማም ይላል?» ብለው ቢያስቡ አያስገርምም። ሌላም አለ። ከንግግር ድምፆች መካከል አናባቢዎቹ ጉልበት አላቸው፤ እንደ «ፈ»፣ «ሰ» እና «ተ» ያሉት ግን የሰለሉ ናቸው። መስማቱ በመጠኑ የቀነሰ ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፣ ደወል ይሰማል፣ የመምህሩ ድምፅም ይደርሰዋል፤ ቃሉ ግን ተሸራርፎ ነው የሚደርሰው።

ይህን ለማሳየት ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ እቤትዎ ያለው ደብተር ነው። የአማርኛ የቃል ጽሕፈት ደብተሩን ከመስከረም እስከ ጥር ይግለጡትና የሳታቸውን ቃላት አንድ በአንድ ይዩ። «ሠራ» የተባለውን «ፈራ»፣ «ጠራ» የተባለውን «ተራ»፣ «ሸማ» የተባለውን «ሰማ» ብሎ ጽፎ ካገኙ፣ ሆሄያቱን ለይቶ የሚያውቅ ነገር ግን በጆሮው ያልለያቸው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ተመሳሳዩን ቃል ከሰሌዳ ሲገለብጥ በትክክል ከጻፈው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ስሕተቶቹ ከኅዳር በኋላ በዝተው እንደሆነም ያስተውሉ። ከዚያ ጸጥ ባለ ሰዓት ከልጁ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀው፣ አፍዎን ሳያይ፣ እነዚያኑ ቃላት በመደበኛ ድምፅ ይጥሩለትና የሰማውን እንዲደግም ያድርጉ፤ ቀጥሎ ሬዲዮ ከፍተው ያንኑ ይድገሙ። ይህ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ለመምህሩ ግን ከብዙ ክርክር ይልቅ ይናገራል። ያገኙትን ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ደብዳቤ ከማስገባትዎ በፊት ስም ጠሪውን ብቻቸውን፣ ከክፍል ሰዓት ውጪ ያግኟቸው። መጠመድን መፍራትዎ ይገባኛል፤ ልጅ በሰው እጅ ያለ ወላጅ ሁሉ የሚፈራው ነው፤ ይሉኝታውም አለ። መምህር ቂም የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ሳያውቅ በአለቃው ፊት ሲከሰስ ነው። ደብተሩን ከፍተው አብረው ያሳዩዋቸው፤ «እርስዎ ምን አስተዋሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሳቸውንም በደንብ ያድምጡ፣ እርስዎ የማያዩትን ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚያዩት እሳቸው ናቸውና። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ሊያስገቡ እንደሆነ ከእርስዎ አፍ ይስሙት። እንዲህ ካደረጉ በኋላ በስብሰባው ላይ ከልጅዎ ጎን የሚቆሙት እሳቸው ቢሆኑ አይደንቀኝም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ጉዳዩ፦ የልጄ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ» ብለው ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የተለወጠውን ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «በመስከረም ወር በወጣው ዕቅድ መሠረት ልጄ በሳምንት ሁለት ቀን የተናጠል ድጋፍ ያገኝ የነበረ ሲሆን፣ መምህርቷ ከተዛወሩበት ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ድጋፉ ተቋርጧል። ከኅዳር ወር ጀምሮም የጆሮ ሕመሙ ተመልሶ የመስማት ችሎታው ቀንሷል። የግማሽ ዓመት ውጤቱና የቃል ጽሕፈት ደብተሩ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። ስለሆነም በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከሚመለከታቸው መምህራን ጋር ተሰብስበን ዕቅዱን እንድናሻሽል በትሕትና እጠይቃለሁ።» በደብዳቤው ውስጥ ማንንም አይውቀሱ። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት፤ አንዱን አስገብተው በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማ፣ ቀኑንና ማኅተሙን ይቀበሉ። በቃል የተጠየቀ ነገር ሰው ሲቀያየር ይረሳል፤ መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ግን አዲስ ርዕሰ መምህር ቢመጣ እንኳ ይገኛል።

በስብሰባው ላይ ርዕሰ መምህሩ፣ ስም ጠሪው፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራኑ ቢገኙ መልካም ነው፤ ብቻዎን ከመግባት ደግሞ ባለቤትዎን ወይም ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህራን ኅብረት አንድ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይግቡ። ልጁንም ለጥቂት ደቂቃ ያስገቡት። የትኛው መምህር ሲናገር እንደሚሰማውና የት ሲቀመጥ እንደሚጠፋበት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ 11 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን መናገር ይችላል።

«ልጄን እርዱልኝ» የሚል ልመና ብቻ ይዘው አይግቡ። ማንም እሺ ይላል፤ በማግስቱ ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አይኖርም። የሚጠይቁት ነገር የሚታይና በማግስቱ የሚጀመር ይሁን። ወንበሩን እንውሰድ። በመስከረሙ ዕቅድ «ፊት ወንበር» ተብሏል፤ ይህ በቂ አይደለም። የቀኝ ጆሮው የሚሻል ልጅ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲቀመጥ ከክፍሉ በግራ በኩል መሆን አለበት፤ ያኔ ደህናው ጆሮ ወደ መምህሩና ወደ ጓደኞቹ ይዞራል። በቀኝ ጥግ ከተቀመጠ ደህናው ጆሮ ግድግዳ ይሰማል፣ የታመመው ጆሮ ትምህርት ይሰማል። ብርሃንም አለ፤ መምህሩ መስኮት ጀርባቸው አድርገው ሲቆሙ ፊታቸው ይጨልማል፤ የከንፈር እንቅስቃሴ እያየ የጎደለውን የሚሞላ ልጅም ያቺን ያጣታል። ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፉ ማስረዳትም እንዲሁ ነው። የገጽ ቁጥርና የቤት ሥራ ሁልጊዜ በሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ፣ የቃል ጽሕፈትና የቃል ጥያቄ ለእሱ ፊት ለፊት ቀርቦ እንዲሰጥ፣ አጠገቡ ደብተሩን የሚያሳየው ጎበዝ ተማሪ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። ወቅቱንም አይርሱ፤ የበልጉ ዝናብ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ደህና ጆሮ ያለውም አይሰማም፤ በዚያ ሰዓት በቃል ከማስረዳት በሰሌዳ መሥራት ለክፍሉ ሁሉ ይበጃል። ከእነዚህ አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ርዕሰ መምህሩም እሺ ለማለት አይቸገሩም።

የሚከብደው የተናጠል ድጋፉ ነው። በመምህርቷ ምትክ ሰው እንዲመደብ ትምህርት ቤቱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቁ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ሁለቱ ሰዓታት ባዶ እንዳይሆኑ ከአማርኛ መምህራኑ አንዱ እንዲይዛቸው፣ ወይም በጉድኝት ማዕከሉ (አጎራባች ትምህርት ቤቶች በተሰባሰቡበት) የልዩ ፍላጎት መርጃ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ካለ የዚያ መምህር በተወሰነ ቀን እየመጡ መምህራኑን እንዲያግዙ ሐሳብ ያቅርቡ። የመርጃ ማዕከላት የሚቋቋሙት በዙሪያቸው ያሉትንም ትምህርት ቤቶች እንዲያገለግሉ ነውና ጥያቄው ከሥርዓት አይወጣም። ድጋፉ በሒሳብ ወይም በስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ እንዳይጫንበትም ይጠንቀቁ፤ አንዱን ቀዳዳ በሌላው መድፈን አይጠቅመውም።

በዚህ ስብሰባ ላይ እሺ እንዳይሉ የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። «ትምህርቱ ይቀነስለት»፣ «እንግሊዝኛ ይቅርበት» ወይም «4ኛ ክፍል ይመለስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ በጨዋነት ግን በግልጽ አልቀበልም ይበሉ። ልጅዎ ትምህርቱ አልከበደውም፤ አልደረሰውም። የሚለወጠው መምህሩ የሚያደርሱበት መንገድ ሆኖ፣ የሚማረው ግን የ5ኛ ክፍል ትምህርት ሆኖ ይቆይ። በዞናችን በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተቆራረጠባቸው ጊዜያት ስለነበሩ አንዳንድ ግቦች የሚደረሱበት ቀን ቢገፋ ግን ቅር አይበልዎ፤ ቀን መግፋትና ግብ ማውረድ አንድ አይደሉም። በሚቀጥለው ዓመት የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በፈተና አዳራሽ መመሪያ በጽሑፍ ወይም ፊት ለፊት እንዲሰጠው ለመጠየቅ፣ ዘንድሮ በክፍል ፈተናዎቹ እንዲህ ሲደረግለት እንደነበር የሚያሳይ የተፈረመ ዕቅድ መያዝ ብዙ ያግዛል።

የተስማማችሁበት ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ እያንዳንዱን ነገር ማን እንደሚሠራውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁሉም ይፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ለእርስዎ ይድረስ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና የምትገናኙበት ቀንም እዚያው ይቆረጥ። በዚያን ቀን የቃል ጽሕፈት ደብተሩ ከአሁኑ ጋር ይነጻጸራል፤ ለውጥ ከሌለ የተሳሳተው ልጁ ነው ከማለት በፊት ዕቅዱ ይመርመር።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውንም አይተው «ለከርሞ» ካሉ፣ ምላሻቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ነገሩን ያለዝበዋል። ካልሆነ ወደ ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህራን ኅብረቱ፣ ከዚያም ወደ ጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ፣ ቀጥሎ ወደ ሞረትና ጅሩ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ደብረ ብርሃን ወዳለው የዞን ትምህርት መምሪያ ይሂዱ። ደረጃውን አይዝለሉ፤ የዘለሉትን እንደገና ወደ ታች ይመልሱዎታልና። አንቀጽ 24ንና አዋጁን የሚጠቅሱት እዚህ ላይ ነው። በእኔ ግምት ግን እዚያ አይደርስም፤ ርዕሰ መምህሩ መምህርት የተወሰደባቸው፣ ምትክ ያላገኙ ሰው ናቸው፤ የተጻፈ ጥያቄዎ እሳቸውም ለወረዳው የሚያሳዩት ማስረጃ ይሆናቸዋል።

ትምህርት ቤቱን እየጠበቁ ሐኪሙን አያቆዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። ከወር በላይ የሚፈስስ ጆሮ እስከመጨረሻው ሊጎዳ ስለሚችል በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ተቋም ይጀምሩ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ በሪፈር ተዋረድ ሲሄዱ ነው መድኑ የሚያገለግልዎት። እዚያ ካልተቻለ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ወዳሉባቸው እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉት የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ሊልኩዎ ይችላሉ። የመስማት ልኬቱ በዴሲቤል (በድምፅ መለኪያ) ተመዝግቦ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም በትምህርት ቤቱ ፋይል ያስገቡ። እስከዚያ ሲታጠብ ውኃ እንዳይገባበት ይጠብቁት፤ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይጨምሩበት። ልኬቱ መስማቱ በጣም መቀነሱን ካሳየ፣ የምልክት ቋንቋን ጊዜ ሳይወስዱ ማስጀመርን በዕቅዱ ላይ ለማንሣት አይፍሩ፤ ልጅ በቋንቋ የበለጸገ እንጂ የተጎዳ የለም።

እኅትዎ ሊልኩ ያሰቡትን የመስሚያ መሣሪያ ግን ልኬቱ በእጅዎ እስኪገባ ያቆዩላቸው። መሣሪያው የሚስተካከለው በራሱ በልጁ ልኬት ነው፤ ለሌላ ሰው የተስተካከለ ወይም በግምት የተገዛ መሣሪያ የማያስፈልገውን ድምፅ አጉልቶ የሚያስፈልገውን ሊተውበት ይችላል። በዚያ ላይ የሚፈስስን ጆሮ የሚደፍን ዓይነት ከሆነ እርጥበቱን አፍኖ ሕመሙን ያብስበታል። ሐኪሙ ጆሮው ደርቋል፣ መሣሪያም ይጠቅመዋል ካሉ፣ የልኬቱን ወረቀት በስልክ አንሥተው ለእኅትዎ ይላኩ፤ በዚያ መሠረት የተስተካከለ መሣሪያ ከትርፍ ባትሪዎቹ ጋር ቢልኩለት ያኔ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።